የወንድሜ እርጥብ ሳሙና

ባለፈው ጥር የመድኃኒት መርጫውን ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ ጎማውን ጠቅልዬ ለጤና ጣቢያው አስረከብኩ። ስምንት ዓመት የያዝኩትን ሥራ የተውኩት በዚያ ቀን ነው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ስላለፈ ሥራ መጻፍ የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን ሥራው የሁለት ሰው ነበር። አልጋ ለብቻ አይገለበጥም፤ አንዱ ያነሣል፣ አንዱ ከሥር ያያል። አንሺው እኔ ነበርኩ። የሚያየው ወንድሜ ፈንታው ነበር። እሱ ጥቅምት ላይ ሞተ።

ሥራችን ትኋን ማጥፋት ነበር። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ያልገለበጥነው አልጋ ጥቂት ነው። ሰው ሲጠይቃት እናቴ “የጤና ሥራ ነው የሚሠሩት” ትል ነበር። የሰፈር ልጆች ግን “የትኋን ዘመዶች” ይሉናል። እኔ እናደዳለሁ። ፈንታው ይስቃል። “ዘመዶቿ ብንሆን ኖሮ የት እንደምታድር ትነግረን ነበር” ይላል።

በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አያ ፈንታው ነበር የምለው። አባታችን ሲሞት እኔ ገና መራመዴ ነበር፤ ትምህርት ቤት ያስገባኝም ደብተር የገዛልኝም እሱ ነው። እሱ ራሱ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ሆነ። ትኋንን ያወቀው እዚያ ነው። አንሶላ ላይ የደም ነጠብጣብ ሲያይ አለቃው “እጠበውና ዝም በል” ይለዋል። ያጥባል። ዝም ይላል። ግን ነጠብጣቡ ከትራስ በኩል ነው ወይስ ከእግር፣ ከግድግዳው ወገን ነው ወይስ ከበሩ፣ ይመለከት ነበር። በኋላ አንድ ክረምት ተከዜ ዳር ቆላ ወርዶ የወባ መድኃኒት ረጪ ሆኖ ሠራ፤ መርጫ መያዝ የተማረ እዚያ ነው። ተመልሶ ሁለቱን እውቀት አንድ ላይ አደረጋቸው።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ሁለት ወር ቤት ተቀመጥኩ። አንድ ጠዋት መጥቶ ብርድ ልብሴን ገፈፈው።

“ተነሣ” አለኝ። “አልጋ የሚያነሣልኝ ሰው አጥቻለሁ።”

“አሁን እኔ ተምሬ ተምሬ ትኋን ልለቅም?”

“አትለቅምም። ታነሣለህ። መልቀም ገና ነህ።”

በቃ። በዚያ ነው የገባሁት።

ዕቃው ብዙ አልነበረም። መርጫው፣ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ፈረንጅ ትቶለት የሄደ ማጉያ መነጽር፣ ነጭ ወረቀት፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚያስገባው ያለቀ የሞባይል ካርድ። ከሁሉም የሚወደው ግን ትንሽ የቅባት ቆርቆሮ ነበረች። ውስጧ ሁልጊዜ በውኃ የራሰ የሳሙና ቁራጭ አለ። ትኋን ሲያይ በጣቱ አይነካም። እርጥቡን ሳሙና ቀስ አድርጎ ያስጠጋዋል፤ ትኋኑ ይጣበቃል። እንዳለ፣ እግሩ ሳይሰበር። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አድርጎ በማጉያው ያየዋል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በአውራ ጣቴ እደፈጥጥ ነበር። አንድ ቀን እጄን ያዘኝ።

“የፈረጠ ነገር ስም የለውም” አለኝ። “ስሙን ሳታውቅ ምኑን ትረጫለህ?”

ያስተማረኝ በእህል ነው። “ተልባ ታውቃለህ? የጠገበው ሳይሆን የተራበው ትኋን ተልባ ነው። እንደ ተልባ ቡናማ፣ ከላይ እንደተጨፈለቀ። ቁንጫ ከጎንና ከጎን ነው የተጨፈለቀ፣ ደግሞ ይዘላል፤ ትኋን አይዘልም፣ አይበርም፣ በእግሩ ነው የሚሄድ። እንቁላሉ ነጭ ጤፍ ነው። ሲያድግ ቆዳውን ይጥላል፤ የጣለው ገለባ ነው። ኩሱ ጥቁር ነጥብ ነው፣ በእስክርቢቶ ነካ ነካ እንዳደረግኸው። አራቱንም ካላየህ ቤቱን አላወቅኸውም።” ተልባ፣ ጤፍ፣ ገለባ፣ ነጥብ። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። ሲበዛ ደግሞ ይሸታል፤ የድንብላል ቅጠል በእጅ ታሽቶ እንደሚሸተው። አንዳንድ ክፍል ስንገባ ፈንታው በር ላይ ቆሞ በአፍንጫው ይስብና “ድንብላል” ይላል። ከዚያ ጃኬቱን ያወልቃል።

በቃል መያዝ ግን ማወቅ አይደለም። ኮን ከተማ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች መኖሪያ ተጠርተን ሄድን። ነርሶቹ እግራቸው ሁሉ ተነክሷል። እኔ የአንዷን እግር እንዳየሁ “ትኋን ነው” ብዬ መርጫውን መሙላት ጀመርኩ። ፈንታው ከቦርሳው ረጅም ነጭ ካልሲ አውጥቶ ሰጠኝ። “ይሄን አድርግና ክፍሉን ዞር ዞር በልበት።” ነርሶቹ ይስቃሉ። ሦስት ዙር ሳልጨርስ ካልሲው ላይ ጥቋቁር ነገር ዘለለ። ቁንጫ። ከፎቁ ሥር ፍየሎች ያድሩ ነበር። “ትኋን የተኛ ሰው ነው የሚነክስ፣ ክንድና አንገት፣ በመስመር” አለኝ ስንመለስ። “ቁርጭምጭሚት ብቻ ሲሆን መጀመሪያ መሬቱን ጠይቅ።” እኔ አኩርፌ ነበር። ያኔ መማር ነበረብኝ።

አለቆቻችን ብዙ ነበሩ። ኮረብታው ላይ ያለ አንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ እንግዶቹ እንዳያውቁ የመብራት ሠራተኞች ናቸው ይለን ነበር። አንድ ቀን አንዲት ቱሪስት ፈንታውን ይዛ ወደ ክፍሏ ወሰደችው፤ አምፖሏ ተቃጥሏል። ቀየረላት። ጉርሻም ሰጠችው። ፈንታውም ሥራ አስኪያጁን “ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ደመወዝ ነው” አለው። ጋሸና ደግሞ ሾፌሮች የሚያድሩበት አልጋ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ዘይነብ ነበሩ። በየሦስት ወሩ ይጠሩናል፤ በየሦስት ወሩ ይምላሉ።

“ወላሂ፣ የኔ ቤት ንጹሕ ነው። ሾፌሮቹ ናቸው ይዘው የሚመጡት።”

“እንግዲያስ ሾፌሮቹን እንርጫቸዋ” ይላል ፈንታው።

“እነሱንማ ገድለሃቸው ማን ይከፍለኛል?”

ክፍያው ከቤት ቤት ይለያይ ነበር፤ ውሉም በቃል ነበር። ስለዚያ ብዙ የምጽፈው የለኝም።

አንድ ነገር ግን ልጽፍ። በጦርነቱና ከዚያ በኋላ እንግዳ ጠፍቶ ሆቴሎቹ ተዘግተው ነበር። አንዱ ባለቤት ሊከፍት ሲል ጠራን። “በራብ አልቆ ይሆናል፣ ለእርግጡ ግን እዩልኝ” አለን። ክፍሉ ለብዙ ወር ሰው አልገባበትም። አቧራ ብቻ። አልጋውን አነሣሁ፤ ምንም የለም። ፈንታው ተንበርክኮ አፉን ወደ አልጋው ማዕዘን ስንጥቅ አስጠጋ። ሃ ብሎ ረጅም፣ ሞቃት ትንፋሽ ተነፈሰበት። ደገመ። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። እኔም አልጋውን እንደያዝኩ ክንዴ እስኪዝል ጠበቅኩ። አንድ ከሲታ ትኋን፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ከስንጥቁ ብቅ አለ። ወደ አፉ አቅጣጫ መጣ።

“አየህ?” አለኝ በሹክሹክታ። “የሰው ትንፋሽ ነው የሚያውቀው። ብርድ ነው አገሩ፣ በብርድ ሆዱ ቶሎ አይራብም። እስክትመጣ ይጠብቅሃል።”

በሳሙናው ያዘው።

ሥራ ከጨረስን በኋላም አንድ ልማድ ነበረው። ሌሎች ረጭተው ይሄዳሉ። እሱ ሁለት ሳምንት ይጠብቅና ተመልሶ ራሱ እዚያ አልጋ ላይ ያድራል። ሚስቱ ብዙ ጊዜ ተቆጥታዋለች። ጠዋት እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ለባለቤቱ ክንዱን ያሳያል። ማረጋገጫው ያ ነበር። ወረቀት ሰጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደርሻለሁ።

አምና ከገና በፊት ባለው ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ሦስት ቤት ተራ በተራ ትኋን ገባበት። ሦስቱንም ሠራናቸው። ከየት እንደመጣ ግን አላገኘነውም፤ አዲስ አልጋ የገዛ የለም፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ የለም። ፈንታው ወደ ጋሸና ለሥራ ሄደ። እሱ በሌለበት እትዬ ብርቄ ላኩብኝ።

እትዬ ብርቄ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከኛ በላይ ባለው መንገድ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሕፃን ሆኖ በታመመ ጊዜ ተስለው ነበር፤ ከዳነላቸው በየዓመቱ ለገና የሚመጡትን ተሳላሚዎች ሊያሳድሩና እግር ሊያጥቡ። ልጁ ዳነ። እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ያህል ስለታቸውን አላጓደሉም። ከቆላ የሚመጡት ሰዎች ቤቱን ያውቁታል፤ የሞተው ሲቀር ልጁ ይመጣል።

“ልጄ፣ ነከሰኝ፤ እንግዶቼ ሳይመጡ እይልኝ” አሉኝ።

ሄድኩ። የእንግዳ ክፍሉን መደብ አየሁ፣ ፍራሹን ገለበጥኩ። አምስት ትኋን አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ለብቻዬ ነዋ ያገኘሁት። የጎረቤት ሴቶች በሩን ሞልተው ይመለከታሉ። ከነዚያ ቤታቸውን ከሠራንላቸው አንዷ፣ ወይዘሮ አለሚቱ፣ “ታዲያ የኛ ከየት መጣ?” አለችኝ።

እንደ አዋቂ ተጠየቅኩ። እንደ አዋቂ መለስኩ።

“ከዚሁ ነው” አልኩ። “በየዓመቱ ስንት ተሳላሚ የሚያድርበት ቤት ነው። ምንጩ ይሄ ነው።”

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ያዝ አደረጉ። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ እንግዳ ተነከስኩ ብሎኝ አያውቅም” አሉ።

“እንግዳ መቼ ይናገራል፣ እትዬ?” አልኩ።

ሴቶቹ ሳቁ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ረጨሁና ሄድኩ። ወሬው ግን ከኔ ቀድሞ ሄደ። የገና ዋዜማ ተሳላሚዎቹ መንገዱን ሲወጡ ከታች ያሉት ሰዎች “እዚያ ቤት አትግቡ፣ ትኋን አለ” እያሉ ወደ ሌላ ቤት ወሰዷቸው። ለክፋት አልነበረም። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። በማግስቱ ጠዋት በእትዬ ብርቄ በር ሳልፍ ሳፋው ደጃፉ ላይ ነበር። ለእግር የተቀዳው ውኃ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ጥርት ብሎ፣ ማንም ሳይነካው። እሳቸው ከሳፋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሰላም አላልኳቸውም። ቶሎ ቶሎ አለፍኩ።

ፈንታው ከጋሸና ሲመለስ እንደ ጀብዱ ነገርኩት። ጫማውን እያወለቀ ሰማኝ።

“ስንት አየህ?”

“አምስት።”

“ሁሉም ተልባ?”

“አዎ።”

“ጤፍስ?”

“ጤፍ አላየሁም።”

“ገለባስ? ነጥብስ?”

“አላየሁም።”

“አላየህም፣ ወይስ የለም?”

አሰብኩ። መደቡን በካርዱ ዳር ለዳር ፈልጌው ነበር። “የለም” አልኩ።

ጫማውን አስቀመጠ። “እንግዲህ አምስት እንግዳ ነው ያየኸው። ቤት የሠራ ትኋን ልጅ አለው፣ እንቁላል አለው፣ ኩስ አለው። እዚያ ገና መግባታቸው ነው። እሳቸውም እንደሌሎቹ የመጣባቸው ናቸው እንጂ ምንጭ አይደሉም። ሂድ። ሰው ፊት የተናገርከውን ሰው ፊት መልሰው” አለኝ።

“ምንጩን ሳላገኝ ምን ብዬ?”

“‘ሳላውቅ ነው የተናገርኩ’ ብለህ። አጭር ነው።”

አልሄድኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ ፋሲካ መጣ፣ ክረምት መጣ። ምንጩን ሳገኝ ሁሉን አንድ ላይ እናገራለሁ እል ነበር። እሱም ስለኔ ሄዶ አልተናገረልኝም። ያንተ ነው አለ። ምንጩን ግን አብሮኝ ፈለገ። የተነከሱትን ቤቶች አንድ በአንድ እየዞረ “ከዚያ በፊት ቤታችሁ ምን ገባ?” ይላል። “ምንም” ይሉታል። አንዷ “ለቅሶ ነበረብን እንጂ ምንም አልገባም” አለች፤ እሱም በእጁ ጽፎታል፤ ደብተሩ ላይ አለ። ጻፍነው እንጂ አልሰማነውም።

ጥቅምት ላይ ከጋሸና ሲመለስ የተሳፈረበት የጭነት መኪና ገደል ገባ። ይሄን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ቦርሳው ምንም ሳይሆን ተገኘ። ቆርቆሮዋ ውስጥ ሳሙናው ገና እርጥብ ነበር።

ቅሬው መጣ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ድንኳኑን ተከሉ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ደረደሩ፣ ከገጠር ለመጡት ዘመዶች ፍራሹን አወረዱ። እኔ አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል። የሚሉኝን አልሰማም ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ክንዴን አየሁት። ሦስት ቀያይ እብጠት፣ በመስመር።

አላከክኩም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አይታከክም። ማን ይደፍራል? የሰው ሬሳ ትናንት የወጣበት ቤት ተቀምጦ ትኋን በላኝ ማለት ነውር ነው። አጠገቤ አክስቴ ነበረች፤ በነጠላዋ ውስጥ አንገቷን ታሻሻለች።

“አክስቴ፣ ነከሰሽ?” አልኳት ቀስ ብዬ።

“ዝም በል አንተ ልጅ!” አለችኝ። “በወንድምህ ለቅሶ!”

ያኔ ነው የገባኝ። ሁሉም ሰው ተነክሶ ዝም ያለበት አንድ ቦታ አለ።

ከቀትር በኋላ ሰዉ ሳሳ ሲል አንዱን አግዳሚ ብቻዬን ገለበጥኩት። ከባድ ነበር። እግሩ ከጣውላው የሚጋጠምበት ስንጥቅ ላይ አፌን አስጠጋሁና ተነፈስኩ። ደገምኩ። ጠበቅኩ። አንድ ወጣ። ቆርቆሮዋን ከኪሴ አውጥቼ በሳሙናው ያዝኩት። ካርዱን ስንጥቁ ውስጥ ስሰድ ገለባው ረገፈ። ከውስጥ በኩል ጤፉ ተደርድሯል። ጥቁሩ ነጥብ ጣውላውን አዥጎርጉሮታል። ድንብላል ሸተተኝ። ተልባ፣ ጤፍ፣ ገለባ፣ ነጥብ። አራቱም።

“አያ ፈንታው፣ አገኘሁት” ብዬ ዞር አልኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ያን ጊዜ ነው የእውነቴን ያለቀስኩት።

የእሱን ደብተርና የቅሬውን መዝገብ አጠገብ ላጠገብ አድርጌ አየሁ። ትኋን የገባባቸው ቤቶች ሁሉ ከጥቂት ሳምንት በፊት የቅሬው ዕቃ የዋለባቸው ናቸው። እትዬ ብርቄም አምና ኅዳር ላይ እኅታቸውን ቀብረው ነበር። እኔ ራሴ እዚያ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። እዚያው አግዳሚ ላይ።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ካሳው ደግ ሰው ናቸው። ወስጄ አሳየኋቸው። ሳሙናው ላይ የተጣበቀውን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

“ማን ያውቃል?” አሉኝ።

“እኔና እርስዎ።”

“እንግዲያው እንዲሁ ይሁን። በጸጥታ ግደለውና ይለቅ። ሰው የቅሬውን ዕቃ ከተጠየፈ ለቅሶ መቀመጥንም ይጠየፋል። ድሃ ብቻውን ይቀብራል። አስበኸዋል?”

አስቤው ነበር። እውነት አላቸው።

“እትዬ ብርቄስ፣ ጋሽዬ?”

“እሳቸው ረስተውታል።”

“ሳፋቸውን አይተውት ነበር?”

ቆርቆሮዋን ከድኜ ሄድኩ። ዘንድሮም ገና እየመጣ ነበር።

የቅሬው ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። የኀዘን ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ተነሣሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ቆርቆሮዋን በእጄ ይዣለሁ።

“አምና እትዬ ብርቄ ቤት ቆሜ የትኋኑ ምንጭ ይሄ ነው ብያለሁ” አልኩ። “ሳላውቅ ነው የተናገርኩ። ምንጩ ይሄ የተቀመጥንበት ነው።”

ሰው ከአግዳሚው ላይ ብድግ አለ። ከኋላ አንድ ሰውዬ “ይሄን ሁሉ ዘመን ትኋን ላይ ነው የተቀመጥነው?” ብሎ ጮኸ።

“አዎ። እኔም።”

“ታዲያ ማን ተነከሰ? ማንም ተናግሮ አያውቅም!”

“የተነከሰ እጁን ያውጣ” አልኩ።

ማንም አላወጣም። ጋሽ ካሳው መሬት መሬት ያያሉ። ቆይቶ እትዬ ብርቄ ከሴቶቹ መሐል እጃቸውን አወጡ። “እኔ እኅቴን ስቀብር ነው የተነከስኩ” አሉ። ከዚያ ጋሽ ካሳው ሳይነሡ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ አለሚቱ። ከዚያ መቁጠር አልቻልኩም።

ስብሰባው ሲበተን ወደ እትዬ ብርቄ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎነበስኩ። ያዙኝ፤ አላሳሙኝም።

“አፍህ ያወጣውን አፍህ መለሰው” አሉኝ። “እግር ግን በአፍ አይመለስም፣ ልጄ።”

የእንግዶቻቸውን እግር ነው ያሉት።

አግዳሚዎቹን በፈላ ውኃ ቀቀልናቸው ማለት ይቻላል። የፍራሾቹን ጭድ አቃጥለን ጨርቁን አፈላን። የተሰነጠቀውን ጣውላ ከአንድ አናጢ ጋር ሆኜ አወጣሁ፤ መጋጠሚያውን እየላግን፣ ክፍተቱን እየሞላን አዲስ ሠራን። ዛሬ እዚያ አናጢ ዘንድ ነው የምሠራ። ስንጥቅ የሌለው አግዳሚ መሥራት እየተማርኩ ነው። ሰውም ለቅሶ መቀመጡን አልተወም። ጋሽ ካሳው የፈሩት አልደረሰም።

የእትዬ ብርቄን ቤት ግን እንደገና አየሁት። የአክስቴን ልጅ ፍራሹን እንዲያነሣልኝ ወስጄ፣ እኔ ከሥር እያየሁ። አራቱንም ፈለግኩ። አንዱም የለም። በር ላይ ቆሜ “የለም” ብል ማን ያምነኛል? አለ ብዬ አሳምኜያቸው የለ? ስለዚህ የፈንታውን ነገር አደረግኩ። ከገና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ ሰው እያየኝ ጋቢዬን በትከሻዬ አድርጌ መንገዱን ወጣሁና “እትዬ፣ ዛሬ የእንግዳ ክፍሉን ያሳድሩኝ” አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። በሩን ለቀቁልኝ።

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ዕለት ነው። ሲነጋ እሳቸው ናቸው የቀሰቀሱኝ።

ሰው ከቅዳሴ የሚመለስበትን ሰዓት ጠብቄ ወጣሁ። የጥቁሩን ሸሚዝ እጅጌ እስከ ክርኔ ሰብስቤ መንገዱን ቀስ ብዬ ወረድኩ። ሁሉም ያውቃል፤ ፈንታው እንዲህ ሲሄድ አይተውታል። አለሚቱ አስቆመችኝ። ክንዴን ይዛ አገላብጣ አየችው።

“አንገትህንስ?” አለችኝ።

ጎንበስ አልኩላት። ኮሌታዬን ገለጥ አድርጋ አየች። አልሳቀችም። “ለእንግዶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ መንገዱ አፍ ላይ ቆሜ” አለች።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ደጅ ነበርኩ፣ ውኃ ላቀብል። ተሳላሚዎቹ እንደ ድሮው አልመጡም፤ አንዳንዶቹ አምና ያረፉበት ቤት ገብተዋል። ዘጠኝ ሰዎች መጡ። የመጀመሪያው ዱላ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ፣ እግራቸው በአቧራ የነጣ። እትዬ ብርቄ ዝቅ ብለው ያዙት። እኔ ከማንቆርቆሪያው ለብ ያለ ውኃ አፈስሳለሁ። ትኋን ስንቀቅልበት የነበረው የፈንታው ማንቆርቆሪያ ነው፤ አሽቼ አጥቤዋለሁ።

የዘጠነኛው ሲያልቅ እትዬ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉ። ሳፋውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

“ድፋልኝ” አሉኝ።

ሁለት እጄን አስገብቼ አነሣሁት። ከብዶ ነበር። ውኃው ጠቁሯል፣ የቆላ አፈር ከታች ረግቷል። ወደ ደጅ ወስጄ ደፋሁት።